ፍልፈሏ የሰማችው ኮቴ

ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ገደል አፋፍ ላይ፣ አራዊት ብቻቸውን የሚያስተዳድሯት እልፍበር የምትባል ከተማ ነበረች። ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣው መንገድ እሷ ላይ ስለሚገጥም የጨውም፣ የእህልም፣ የመልእክትም ጓዝ በእሷ በኩል ሳያልፍ ወደ ሌላ አገር አይዘልቅም። በዙሪያዋ የተገነባው የድንጋይ ካብ 65,535 በሮች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ በር ጉበን ላይም ቁጥሩ ተቀርጿል። ደብዳቤ የያዘ በ25 ይገባል። «የእገሌ ቤት በየት በኩል ነው?» ብሎ መንገድ የሚጠይቅ 53 ላይ ይቆማል። በአደባባዩ የተሰቀሉትን ሰሌዳዎች አንብቦ የሚመለስ በ80፣ ጓዙን አሽጎ የሚመጣ ደግሞ በ443 ያልፋል።

ቁጥሮቹን ተረቱ አልፈጠራቸውም። ኮምፒውተርም ሆነ የእጅ ስልክ በኢንተርኔት ሲነጋገር የሚጠቀምባቸው ፖርቶች እነዚሁ ናቸው፤ ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄደው በ25 ነው፣ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠየቀው በ53፣ ያልተመሰጠረ ድረ ገጽ የሚመጣው በ80፣ የተመሰጠረው በ443።

የበሮቹ ሹም አጋፋሪ ዝንጀሮ ነበር። ጓዙ በየትኛው በር እንደገባ ያይና በመዝገቡ ይጽፋል፤ በ25 ለገባው «ደብዳቤ»፣ በ80 ለገባው «ንባብ»። ማንንም አይፈትሽም። ከተማዋ ትንሽ፣ መንገደኛው ሁሉ የሚተዋወቅ ስለነበር በተሳሳተ በር መግባት ለማንም ትዝ አይልም።

ይህን አሠራር ያፈረሱት ጃርቶች ናቸው። ጃርቶች እህል ከአንድ ጎተራ አይቀዱም። አንዱ ጃርት ከሃያ ጃርቶች ቁንጥር ቁንጥር ይቀበላል፣ የተቀበለውንም ወዲያው ለሌሎች ሃያ ያካፍላል፤ በዚህ መንገድ የከተማውን ጎተራ ሁሉ በአንድ ሌሊት ከቤት ቤት ያዳርሱታል። ባለጎተራዎቹ ጮኹ፣ ዝንጀሮም የጃርቶችን በሮች ዘጋ። ጃርቶቹ በማግስቱ በ80 ገቡ። 80ን መዝጋት ደግሞ ከተማዋን ማስራብ ነው። ዝንጀሮ «ንባብ፣ ንባብ፣ ንባብ» ብሎ መዝገቡን ሞላ፤ ከጻፈው ውስጥ የቱ እውነት እንደሆነ ግን ራሱም አያውቅም ነበር። ሰዎች ፋይል እርስ በርስ የሚጋሩባቸው ናፕስተር እ.ኤ.አ. በ1999፣ ቢትቶረንት በ2001 ብቅ ካሉ በኋላ የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች የገጠማቸው ይኸው ነው፤ የበሩ ቁጥር ስለ እንግዳው መናገሩን አቆመ።

ያኔ አያ ጅቦን ቀጠሩ። ጅብ የበሩን ቁጥር አይጠይቅም፤ ስልቻውን ፈትቶ አፍንጫውን ያስገባል። ጃርቶቹም ለእሱ አልከበዱትም፤ ሁለት ጃርቶች ሲገናኙ መጀመሪያ 19 የሚለውን ቁጥር ይጠራሉ፣ ከዚያ የወገናቸውን ስም ይናገራሉ። ቢትቶረንት እስካሁን ሰላምታው እንዲሁ ነው፦ 19 የሚል አንድ ባይት፣ ከዚያ 19 ፊደል ያለው የፕሮቶኮሉ ስም። ይህን ያወቀ ጅብ አንድም ጃርት አላመለጠውም።

ነገር ግን የሰው ስልቻ ውስጥ የገባ አፍንጫ የተፈለገውን ብቻ ለይቶ አያሸትም። ጅብ የዥግራን ስልቻ ለጃርት ሲፈትሽ፣ ልጇ መታመሙን ከመድኃኒቱ ሽታ አወቀ። የድኩላን ሲፈትሽ ዕዳ እንዳለበት አወቀ። ማታ ማታ ከጠላ ቤት ተቀምጦ ያወቀውን ያወራል፤ ወሬው ሲያልቅበት የሸተተውን ቀምሶ ይመጣል። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጅብን ክፉ ለማድረግ አልፈልግም፤ የተሰጠው ሥራ ራሱ ይህን ሳያደርግ የሚሠራ አልነበረም።

ከተማዋን ያዳኗት ንቦች ናቸው። የሰም ማኅተም ድሮም ነበር፤ ዋጋው ግን ለባለጸጋ ብቻ የሚሆን ነበር፣ ማሸጊያውን የሚያውቁትም ጥቂቶች ነበሩ። ጅብ ያወራው ወሬ በየመንደሩ ከተሰማ በኋላ ንቦቹ ተሰብስበው ሰሙን ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ አደሉ። አህያም፣ በቅሎም፣ ዥግራም፣ ጃርቱም ሳይቀር ጓዙን አሽጎ በ443 መግባት ጀመረ። በእኛ ዓለም መንግሥታዊ ስለላን ያጋለጡት የኤድዋርድ ስኖውደን መረጃዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጡ በኋላ ምስጠራ የሁሉም ጥያቄ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት የድረ ገጽ ምስጠራ ማረጋገጫን በነፃ ማደል ጀመረ። ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ ትራፊክ የታሸገ ነው፤ አያ ጅቦ ስልቻውን ቢፈታ የሚያገኘው ሰም ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የእመት ፍልፈል ነገር የሚመጣው።

ፍልፈል ከከተማዋ ሥር፣ በ443ኛው በር ልክ፣ በጨለማ ጉድጓዷ ትኖር ነበር። ዓይኗ እምብዛም አያገለግላትም፤ ዓለሙን የምታውቀው በመሬት ንዝረት ነው። ከላይ ጓዝ ባለፈ ቁጥር ጆሮዋን ከአፈሩ ታስጠጋለች። ሸክሙ ምን ያህል ከባድ ነው? በአንዱ ኮቴና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ስንት ነው? ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ወጣ? ጓዙስ በስንት ጊዜ አልቆ መንገዱ ጸጥ አለ? በስልቻው ውስጥ ያለውን አንድም ቀን አይታ አታውቅም፣ ማየትም አያስፈልጋትም ነበር።

የከተማዋ መምህርት እማማ ኤሊ ይህን ሰምታ ወደ ጉድጓዱ ወረደች፣ አንድ ሙሉ በጋም አስተማረቻት። ፈቃደኛ የሆኑ መንገደኞችን በበሩ ላይ እያሳለፈች፣ እያንዳንዱ የያዘውን ጮክ ብሎ እንዲናገር አደረገች። «ይህ የጥሪ ጓዝ ነው!» ይላል አንዱ፤ ጥሪ በእልፍበር በትንንሽ ቅል ይታሸጋል፣ አንድ ቅል የአንድ ትንፋሽ ቃል ይይዛል። ፍልፈል ታዳምጣለች፤ ቀላል ሸክም፣ አጭርና እኩል ዝምታ፣ መሄጃውም መመለሻውም እኩል የተጠመደ። «ይህ የትርኢት ጓዝ ነው!» ይላል ሌላው። ከባድ ከባድ ጋን ተከታትሎ ይገባል፣ ከዚያ ረዥም ዝምታ፣ ከዚያ ሌላ የጋን ግር ግር፤ ወደ ውጭ የሚመለሰው «ደርሶኛል» የሚል ባዶ እጁን የሚሮጥ መልእክተኛ ብቻ ነው። «ይህ ንባብ ነው!» አንድ ትንሽ ጥያቄ ይወጣል፣ ብዙ ሸክም ይመለሳል፣ ወዲያው ያበቃል። ጃርቶቹ ደግሞ ሰላምታቸው በሰም ቢታፈንም፣ ከሃያ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ መምጣታቸው አልተሸሸገም።

ኤሊ የማስተማሩን ያህል ለመፈተኑም ተጨነቀች። ፍልፈል ባጠናችው ጓዝ አልፈተነቻትም፤ ሰምታው የማታውቀውን ሌላ ጓዝ አሳለፈችላት። ባጠኑት መፈተን የማስታወስ ፈተና እንጂ የማወቅ አይደለም። ፍልፈል በመጀመሪያው ፈተና 248 ነገሮችን እየቆጠረች ከመቶ 65ቱን አገኘች። ኤሊ ከ248ቱ ውስጥ ተደጋጋሚ የሆነውንና የማይረባውን አስጣለቻት፣ የቀረውንም በጥንቃቄ እንድትመዝን አሳየቻት፤ በሚቀጥለው ከመቶ 95 አለፈች። እነዚህን ቁጥሮች የወሰድኳቸው አንድሪው ሙር እና ዴኒስ ዙዬቭ የተባሉ እንግሊዝ አገር የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳተሙት ጥናት ነው። ማሽን ለርኒንግን፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማርን የኮምፒውተር ዘዴ፣ በኢንተርኔት ትራፊክ ላይ ለመሞከር መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ነው። በዓመቱ ፓሪስ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ጓዙ እስኪያልፍ መጠበቅ እንኳ እንደማያስፈልግ አሳዩ፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ፓኬቶች (የመረጃ ጥቅሎች) ክብደት ብዙውን ጊዜ የመተግበሪያውን ማንነት ያወጣዋል። ፍልፈልም ከጊዜ በኋላ አራት አምስት ኮቴ ሰምታ ስም ትጠራ ነበር።

ይህ ዕውቀት መጀመሪያ ላይ ለከተማዋ በረከት ነበር፣ ይህንም ሳልሸራርፍ መናገር አለብኝ። በገበያ ቀን መንገዱ ሲጨናነቅ የትርኢቱ ጋኖች የጥሪ ቅሎችን ይደፍቁ ነበር። ትርኢት ትንሽ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም፤ ጥሪ ግን ቅሎቹ ከዘገዩ ቃሉ ይቆራረጣል፣ እናት ከገደሉ ማዶ ያለችውን ልጇን «አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ» እያለች ትቀራለች። ፍልፈል ከሥር ሆና «ጥሪ መጣ» ስትል ዝንጀሮ ጋኖቹን ለአፍታ ገታ አድርጎ ቅሎቹን ያሳልፋል። ማንም ማኅተም ሳይፈታ፣ ማንም የማንንም ቃል ሳይሰማ። ደግሞ አንድ ቀን ከአንዲት ፍየል ቤት በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም ሳያዛንፍ፣ አንድ ቀላል ኮቴ እየወጣ ወደ አንድ ዋሻ እንደሚሄድ ሰማች። ፍየሏ የምታውቀው ነገር አልነበረም። በቤቷ የተደበቀ ጥገኛ ነበር፣ ለጌታው «አለሁ፣ ምን ልታዘዝ?» እያለ የሚልክ። በሰዎች ኮምፒውተር ውስጥ የሚደበቁት ቫይረሶችም ብዙ ጊዜ የሚያዙት በዚህ ዓይነት ድግምግሞሽ ነው። ፍየሏ ዳነች፣ ለፍልፈልም አንድ ቅል ማር ወረደላት።

ዝናዋ ከበሩ አልፎ ግቢ ደረሰ። ከንጉሡ አማካሪዎች አንዱ ብላታ ቀበሮ ወደ ጉድጓዷ አፍ መጣና ጎንበስ አለ።

«እመት ፍልፈል፣ እንደምን ሰነበቱ? ስለ ጥሪ ቅሎቹ ልጠይቅዎ። ጥሪ መሆኑን ካወቁ፣ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩስ ያውቃሉ?»

ፍልፈል ዝም አለች። ታውቅ ነበር። ቅሎቹ እኩል ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ ረዘም ያለ አናባቢ የያዘው ትንሽ ይከብዳል፣ ፉጨት ያለበት ፊደል ይቀላል፣ ዝምታ የያዘው ባዶ ያህል ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ የክብደት አረማመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች የተመሰጠረ የኢንተርኔት ጥሪ ሳይፈቱ፣ ከፓኬቶቹ መጠን ብቻ፣ ተናጋሪዎቹ የሚጠቀሙበትን ቋንቋ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ በዓመቱም የተወሰኑ ሐረጎችን መለየት እንደሚቻል። የድምፅ መጭመቂያው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተለያየ መጠን ስለሚሰጥ ነው። ይህ ጉድለት መጥፎ አሳቢ የሠራው አይደለም፤ መንገድ ለማቅለል የተደረገ ብልሃት ነው ምስጢር ያወጣው።

ፍልፈል «ለምን ፈለጉት?» ብላ ጠየቀች።

«ለሰላም» አለ ቀበሮ። «ሌላም አለ። ሚዳቋዎቹን ያውቋቸዋል?»

ሚዳቋዎች ቀጥታ አይሄዱም። ከቤታቸው ወጥተው ወደሚፈልጉት ከመድረሳቸው በፊት በሦስት ቤቶች ያልፋሉ። የመጀመሪያው ቤት ከየት እንደመጡ ያውቃል፣ የመጨረሻው ወዴት እንደሚሄዱ፤ ሙሉውን የሚያውቅ አንድም ቤት የለም። ሸክማቸውንም ሁሉ በእኩል መጠን ይቆርጡታል። ቶር የሚባለው የኢንተርኔት መንገድ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከሚዳቋዎቹ ውስጥ የሚሰርቅ የለም አልልም፤ አብዛኞቹ ግን ስማቸው ቢታወቅ የሚጎዱ፣ ስለ በደል የሚጽፉ፣ ወይም ዝም ብለው መታየት የማይወዱ ናቸው። በእኛም አገር ይህ ሆኗል። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የቶር ፕሮጀክት ኢትዮጵያ ውስጥ የፓኬቶችን ውስጥ የሚመረምር ፍተሻ ሥራ ላይ እንደዋለና ቶር እንደታገደ አሳውቆ ነበር፤ ትራፊኩ የተለየው በተመሰጠረው ይዘቱ አይደለም፣ ግንኙነት ሲጀምር ሰላምታ በሚለዋወጥበት አኳኋኑ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ስለሚያስቀጣ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ በስካይፕ የሚደወልላቸው ብዙ ቤተሰቦች «እኛም እንጠየቅ ይሆን?» ብለው ተደናግጠው ነበር። ለእናት የተደወለ ጥሪና ለንግድ የተሸጠ ጥሪ በሽቦው ላይ ኮቴያቸው አንድ ነውና።

ቀበሮ በፍልፈል ጉድጓድ ደጃፍ ስምንት የእንጨት ማኅተሞች ደረደረ። ደብዳቤ፣ ንባብ፣ ጥሪ፣ ትርኢት፣ ጃርት፣ እህል፣ ሚዳቋ፣ ሌባ። «ከዛሬ ጀምሮ ያለፈ ጓዝ ሁሉ ከእነዚህ አንዱ ይታተምበታል። ባዶ መዝገብ ንጉሡ ዘንድ አይቀርብም» አለ።

እማማ ኤሊ ይህን ስትሰማ ከትምህርት ቤቷ እስከ ግቢ ሦስት ቀን ተጉዛ ደረሰች።

«ብላታ፣ ልጄን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ከመቶ 95 እውነት መናገሯ ያስመሰግናታል፤ እስር ቤት ለመጣል ግን አይበቃም። በዚህ በር በወር 10,000 ጓዝ ያልፋል እንበል። ከነዚያ መካከል ሌባው ስንት ነው?»

«ቢበዛ 10» አለ ቀበሮ።

«መልካም። ከ10ሩ ዘጠኙን ወይም ሁሉንም ትይዛለች። ከቀሩት 9,990 ንጹሐን ግን ከመቶ አምስቱን ሌባ ብላ ብትስት፣ ይህ ወደ 500 ይጠጋል። ካሰርካቸው ከመቶው ሁለት እንኳ ሌባ አይሞሉም። የቀሩት እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ? እህል ይዘው የመጡ ናቸው።»

«ታዲያ ሌባው ይለፍ?»

«መርምረህ ያዘው አልኩ እንጂ ይለፍ አላልኩም። ጥርጣሬ የምርመራ መነሻ ነው። አንተ ፍርድ አድርገኸዋል።»

ቀበሮ በአክብሮት ሸኛት፣ ማኅተሞቹንም አላነሳም። ይህን ስሌት ያለማጋነን እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ፤ አንድ ሥርዓት «95 በመቶ ትክክል ነው» ተብሎ ሲቀርብልን የምንረካው ስንቱ ንጹሕ በበሩ እንደሚያልፍ ስለማንጠይቅ ነው። የሚፈለገው ነገር ብርቅ በሆነ ቁጥር የንጹሐኑ ቁጥር እስር ቤቱን ይሞላዋል።

ወሬው ተሰማ። መንገደኞቹ ማኅተም ብቻውን እንደማይሰውራቸው ሲገባቸው ጭድ መጫን ጀመሩ። ቀላሉ ሸክም እንደ ከባዱ እንዲሰማ ጭድ ይታከልበታል፤ ባዶ አህያ ጭድ ተጭኖ በዝምታው መሐል ይላካል። ፍልፈል ግራ ተጋባች፣ ሚዳቋዎቹም ለጊዜው ዳኑ። መንገዱ ግን በጭድ ተጨናነቀ፤ የአህዮቹ ጀርባ ቆሰለ፣ የጥሪ ቅሎች ዘገዩ፣ እናቶች እንደገና «ድገሚልኝ» ማለት ጀመሩ። የግቢው ጥርጣሬ ዋጋ በመንገዱ ላይ የሚሄደው ሁሉ ተከፋፍሎ ከፈለው። ዛሬ ሰው ቪፒኤን ሲጠቀም፣ ትራፊኩን በሌላ ትራፊክ ውስጥ ሲሸፍን፣ ዳታውም ባትሪውም ሲያልቅበት የሚከፍለው ይኸው ጭድ ነው።

ክረምቱም ገባ። ጭቃው ኮቴውን ሁሉ ለወጠው፤ በደረቅ መሬት የተማረችው የበጋ ኮቴ በእርጥብ መሬት ሌላ ሆነ። ፍልፈል ይህን ለቀበሮ ነገረችው፣ እንደገና ልማር ብላም ለመነች። በየወሩ በሚታደሱ መተግበሪያዎች ላይ የሚሠራ ማንም ባለሙያ ይህን ልመና ያውቀዋል፤ ትናንት የተማረ ሞዴል በዛሬ ትራፊክ ላይ ሳያስታውቅ እየደከመ ይሄዳል። ቀበሮ «ንጉሡ የመቶ 95 ዘገባ ደርሷቸዋል፣ አሁን ቁጥሩን ዝቅ ብናደርግ ምን ይሉናል?» ብሎ መለሳት።

በዚያው ክረምት ከአፋር ሜዳ አንድ ግመል አሞሌ ጨው ጭኖ መጣ። በእልፍበር በር ግመል አልፎ አያውቅም። ግመል ኮቴ የለውም፤ መዳፉ ለስላሳና ሰፊ ነው፣ ሲራመድም በአንድ ጎን ያሉትን ሁለት እግሮች አብሮ ነው የሚያነሣው። ፍልፈል ከሥር ሆና እጅግ ከባድ ሸክም ከድምፅ አልባ እርምጃ ጋር ሰማች። አህያ አይደለም። በቅሎ አይደለም። እንዲህ ከብዶ እንዲህ በቀስታ የሚራመድ አንድም የምታውቀው የለም። እጇ በስምንቱ ማኅተሞች ላይ ዞረ፤ ከሁሉ የሚቀርበው፣ ኮቴውን አፍኖ ከባድ የሚሸከመው፣ «ሌባ» የሚለው ነበር።

ግመሉ ዘጠኝ ቀን በቀዳዳ ጣራ ሥር ታሰረ። በዘጠኙም ቀን ዘነበ። ከጫነው አሞሌ ሩቡ ቀልጦ በበረቱ ወለል ፈሰሰ።

በአሥረኛው ቀን ሸንጎ በዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ ዳኛው ዝሆን ነበር። እመት ፍልፈል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉድጓዷ ወጥታ በቀን ብርሃን ቆመች።

«እመት ፍልፈል፣ ይህ ግመል ሌባ ነው ብለሻል?»

«አላልኩም ጌታዬ። ከስምንት ስሞች የትኛው ይቀርበዋል ተብዬ ተጠየቅሁ፤ የሚቀርበውን አተምኩ።»

«ምን ያህል ይቀርበዋል?»

«ከሰባቱ ይልቅ ይቀርበዋል እንጂ ቅርብ አይደለም። ከመቶ 31 ብዬ ለአጋፋሪው ነግሬዋለሁ።»

ዝሆኑ መዝገቡን አስመጣ። ዝንጀሮ ገጹን ገልጦ «ሌባ» የሚለውን ቃል አሳየ። 31 የሚለው ቁጥር የለም።

«ቁጥሩ የት አለ?»

«ጌታዬ፣ መዝገቡ ለቁጥር ዓምድ የለውም» አለ ዝንጀሮ አንገቱን ደፍቶ። «በብላታ ትእዛዝ ስሙን ብቻ ነው የምጽፈው።»

ዝሆኑ ወደ ፍልፈል ተመለሰ። «የማታውቂውን እንግዳ ስትሰሚ ለምን አላውቅም አላልሽም?»

«አላውቅም የሚል ማኅተም አልተቀረጸልኝም።»

ከሸንጎው የተሰማው ጉርምርምታ ረዥም ነበር። እኔም በዚህ ላይ ልቆም እፈልጋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከሚነገሩት ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛልና። ማሽን የሚለየው ያስተማሩትን ያህል ነው፤ ከስምንት ስሞች አንዱን እንዲመርጥ የተሠራ ማሽን ዘጠነኛውን ሲያገኝ አይደነግጥም፣ አይጠይቅም፣ በሙሉ ድፍረት ከስምንቱ አንዱን ይሰጠዋል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ አዲስ ግመል በየቀኑ ይመጣል። «አላውቅም» የሚለውን ቃል ከመሣሪያው የነጠቀው መሣሪያው ራሱ አይደለም። ባዶ መዝገብ ማየት የማይወድ አለቃ ነው የነጠቀው።

ብላታ ቀበሮ ተነሥቶ ተከራከረ፣ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። «እመት ፍልፈልን አላውቅም ማለት ብናስተምራት፣ ሌባ ሁሉ የግመል እርምጃ ይማራል። አላውቅም የሚለው ማኅተም የሌባ መሸሸጊያ ይሆናል። ከተማዋን በምን እጠብቃለሁ?»

ዝሆኑ እማማ ኤሊን አያት። ኤሊም «እውነት ነው፣ አንዳንዱ ያመልጣል» አለች። «ዛሬም የሚያመልጠው ያመልጣል፤ ጭድ ጭኖ። ልዩነቱ ዛሬ የሚያመልጠውን ስም ሰጥተነው ስለሆነ አንፈልገውም። አላውቅም የተባለውን ግን ሄደን እንጠይቀዋለን።»

ሸንጎው እስከ ምሽት ተከራከረ። ማንን ማስቀደም፣ ማንን ለአፍታ መግታት እንደሚገባ ፍልፈል ብቻዋን እንድትናገር ተስማሙ፤ ብትሳሳት የሚደርሰው ትርኢት መዘግየት ብቻ ነውና። በእሷ ቃል ብቻ ግን ማንም እንዳይታሰር፣ ሌላ ማስረጃ ሳይታከልበት ዳኛ ፊት እንዳይቀርብ ወሰኑ። በቋንቋ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ዝሆኑ «የቅሉን ክብደት የምትሰሚው ለማሳለፍ ነው፤ የተናጋሪውን ወገን ለማወቅ የጠየቀሽ ቢኖር በዚህ ዋርካ ሥር መጥቶ ይጠይቅ» ብሎ ዘጋው። መዝገቡ ላይ የቁጥር ዓምድ እንዲሰመር፣ ዘጠነኛ ማኅተም እንዲቀረጽ፣ በየወቅቱም ኤሊ ባልተሰማ ጓዝ እንደገና እንድትፈትናት ታዘዘ።

የቀለጠውን ጨው ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ቀረ። አንዳንዱ ፍልፈል ትክፈል አለ፣ የሳተችው እሷ ናትና። ዝሆኑ አልተቀበለውም። «31 ብላ የተናገረችው ነገር 100 ሆኖ የተጻፈው በማን ትእዛዝ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ብላታ ቀበሮ ከጎተራው አሞሌ አውጥቶ እየቆጠረ ለግመሉ አስረከበ።

ግመሉ ጨውን አስጭኖ ሊነሣ ሲል ፍልፈል ጠራችው።

«አያ ግመል፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። በጉድጓዴ ላይ ጥቂት ቀን ይመላለሱልኝ፤ ጭነውም፣ ባዶውንም፣ በጭቃም፣ በደረቅም። ከእርስዎ በኋላ የሚመጡት ወንድሞችዎ እንዳይታሰሩ እርምጃዎን ልማር።»

ግመል ቆም ብሎ አሰበ። «እርምጃዬን ከሰጠሁሽ፣ ያንቺ ብቻ ሆኖ ይቀራል? ነገ ሌላ ብላታ መጥቶ፣ ግመል የሚባል ማኅተም አስቀርጾ፣ የአፋርን ሰው ሁሉ በእሱ ቢያስቆምስ?»

ፍልፈል የምትመልሰው አልነበራትም፤ ወደ ዋርካው ዞረች።

«የተወሰነው ነገር በጽሑፍ ይሁን» አለ ግመል ለሸንጎው። «እርምጃችን ለምን እንደሚሰማ፣ ለምን እንደማይሰማ፣ ስህተት ሲደርስ ማን እንደሚጠየቅ፣ በ443ኛው በር ላይ፣ ገቢውም ወጪውም በሚያነበው ፊደል ይለጠፍ። በእኛም ቋንቋ ጭምር። ያኔ እመላለሳለሁ።»

ብላታ ቀበሮ ንጉሡን ሳላስፈቅድ አይሆንም አለ። ዝሆኑ ፈቃዱ እስኪመጣ እንዲጠብቁ አዘዘ። ግመሉ ግን አልጠበቀም፤ ጨው የሚጠብቁ ገበያዎች ነበሩበት። «ሲለጠፍ መልእክት ላኩብኝ» ብሎ ጓዙን ነድቶ ወጣ፤ ፍልፈልም ከሥር ሆና ያለፈውን እርምጃ ሁሉ እየሰማች፣ በዘጠነኛው ማኅተም አተመችው።